ለቆላ የተደፈነች መኪና

ባለፈው ዓመት ለሥራ ወደ ሰመራ ስሄድ አውቶቡሳችን አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ለምሳ ቆመ። ወርጄ ጥላ ስፈልግ አንድ ሰውዬ የአሮጌ መኪና ኮፈን ከፍቶ፣ የቤንዚን ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሲጠቀልል አየሁ። ከማየቴ በፊት ሸተተኝ ብል ይሻላል። ሞተር ላይ የተቀቀለ ጨርቅ፣ ቤንዚን፣ የጀሪካን ውሃና አቧራ ተደባልቀው የሚሰጡት ሽታ አለ፤ ከሌላ ከምንም ጋር አይምታታም። አብራኝ የወረደችው ሴት አፍንጫዋን ሸፍና ስትሸሽ እኔ ቀረብኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ «ምን ልታዘዝ እህቴ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ይህ ሥራ የእኔ ነበር ብዬ ብነግረው መሳቁ አይቀርም፤ እኔ ደግሞ በዚያ ዓመት ነገር ሲሳቅ አልወድም።

ያኔ የምንኖረው ሎጊያ ነበር። ሎጊያ በጅቡቲ መንገድ ላይ የበቀለች የከባድ መኪና ማደሪያ ናት። ነዳጅ፣ ጋራዥ፣ ምግብ ቤትና አልጋ አላት፤ የቀረው ሙቀት ነው። እናቴ ለሾፌሮች ሩዝና የፍየል ወጥ የምትሸጥበት ትንሽ ቤት ነበራት። አባቴ ሰይድ ወሎዬ ነው። ከደሴ በላይ ካለ ብርዳም ገጠር፣ ጎረምሳ ሳለ፣ በጭነት መኪና ረዳትነት ወርዶ እዚያው ቀረ። ሲወርድ ለእናቱ «በራሴ መኪና ነው የምመለሰው» ብሏት ነበር። ጎረምሳ ብዙ ይናገራል፤ አባቴ ግን የተናገረውን የማይረሳ ሰው ሆኖ አረፈው። እኔ ከተወለድኩ በኋላ አንዴ ሄዶ አይቷታል፤ በአውቶቡስ ስለሄደ ግን እንደ መሄድ አይቆጥረውም ነበር።

እኔ እናቱን የማውቃት በስልክ ብቻ ነው። እምዬ እንላታለን። አብሯት የሚኖረው የአባቴ ታናሽ ወንድም አሊ ሲደውል ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይይዝላታል፤ እሷም ርቀቱን በጉሮሮዋ ልታሸንፍ እየጮኸች ታወራኛለች።

«እሳት ላይ ነው አሉ የምትኖሩት፤ እውነት ነው?»

«አዎ» እላታለሁ።

«ታዲያ እዚያ ምን ትሠራላችሁ? አባትሽ መቼ ነው የሚያመጣሽ?»

ዘወር ብዬ አባቴን አየዋለሁ። በእጁ ምልክት ይሰጠኛል፤ «በቅርቡ በያት» ማለቱ ነው።

በዚያ ዓመት በጋው ሳያልቅ አባቴ እዚሁ አዋሽ ሰባት ኪሎ ድረስ መጥቶ፣ ከአንድ ጡረታ ከወጣ የባቡር ሠራተኛ ነጭ ላዳ ገዛ። በገዋኔ በኩል እየነዳ ማታ ይደርሳል ሲባል በማግስቱ ከሰዓት ብቅ አለ። የሸሚዙ አንድ እጅጌ የለም። እጅጌው የት እንደገባ ኮፈኑ ሲከፈት አየን፤ ፓምፑ ላይ ተጠቅልሎ ደርቋል። እናቴ መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየቻትና «መልካም ነው፤ ሌላውን እጅጌ ለሚቀጥለው ጉዞ አስቀምጠው» አለች።

ላዳዋ ሰውዬው ወደ አዋሽ ከማውረዱ በፊት ዕድሜዋን ሁሉ የኖረችው ደጋ ነበር። ችግሯ ምን እንደሆነ እኔ ቆይቶ ነው የገባኝ። ቤንዚንና አየር የሚደባለቁበት ካርቡሬተር ከሥሩ ማኒፎልድ የሚሉት ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት አለው፤ ወደ ሞተሩ የሚገባው ሁሉ በዚያ ያልፋል። የሠሯት ሰዎች ለብርድ አገር አስበው፣ ከሞተሩ የሚወጣው የፈላ ውሃ በዚህ ብረት ግድግዳ ውስጥ እየዞረ እንዲያሞቀው አድርገዋል። ሎጊያ ላይ የሚያሞቀው ነገር የጠፋበት ማን ነው? ቤንዚኑ እዚያው ይፈላና ሞተሩ ይጠፋል።

ያኔ ግን በራሴ መንገድ ነበር የተረዳሁት። ወባ ሲይዘኝ እናቴ ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ ታደርግልኝ ስለነበር፣ ላዳዋንም ወባ እንደያዛት ቆጠርኩ። አባቴ ሎጊያ እያደሩ ሰመራ የሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞችን ጠዋትና ማታ ያመላልሳል። ትምህርት በሌለኝ ቀን እኔ ባልዲ በእግሮቼ መሃል ይዤ ከፊት እቀመጣለሁ። ሰመራ ያኔ ገና እየተሠራች ነበር። ሰፊ አስፋልት፣ መሃሉ ላይ የደረቀ ችግኝ፣ ግራና ቀኝ ያላለቀ ፎቅ። ጥላ የሚባል ነገር የለም። መኪናዋ ስትጠፋ እወርዳለሁ፣ ጨርቁን ነክሬ ለአባቴ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ይጠቀልላል፣ ጨርቁ ቱስስ ይላል፣ እንጠብቃለን። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጡ አፋር ሽማግሌ «ሰይድ፣ ግመል ከመንገድ በፊት ነው ውሃ የሚጠጣው። ያንተዋ በየመንገዱ ካልታጠበች አትራመድም እንዴ?» አሉት። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። አባቴም ሳቀ፤ ፊቱ ግን ልውጥ ብሎ ነበር።

ግንቦት ላይ አሊ ደወለ። እምዬ እህል አልቀበል ብላለች፣ ሆዷ እያበጠ ነው፣ አንተን ትጠይቃለች አለው። አባቴ በማግስቱ ብቻውን ተነሳ። ሐሳቡ ይዟት ወርዶ ሊያሳክማት ነበር፤ የኋላውን ወንበር ስፖንጅ ፍራሽ አለበሰው። ሚሌ ሳይደርስ ቆመ። ረፋዱ ላይ ከአንድ አይሱዙ ኋላ በገመድ እየተጎተተ ሎጊያ ሲገባ የሰፈር ልጆች እያጨበጨቡ ተከተሉት። እኔም መጀመሪያ አጨብጭቤአለሁ። የአባቴን ፊት ሳይ ተውኩ።

ተክሌ የሚባል መካኒክ ነበር። ጋሽ ተክሌ እለዋለሁ፤ ከጎንደር የመጣ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። እናቴ «የሱ ምላስ እንደ ሞተር ቢሸጥ ኖሮ ሀብታም ነበር» ትላለች። ላዳዋን አየና ጉዳዩን ጨረሰው።

«ሰይዶ፣ ይቺን ልጅ ለቆላ እንደፍናታለን፣ በቃ። እዚህ አገር የምትሠራ ላዳ ሁሉ የተደፈነች ናት። ማን ነው ሳትደፈን ንዳት ያለህ?»

መደፈን የሚሉት ማኒፎልዱን ፈትቶ፣ የፈላው ውሃ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቀዳዳ በቆርቆሮ ዘግቶ፣ በማጣበቂያ አትሞ መልሶ ማሰር ነው። ጋሽ ተክሌ ቆርቆሮውን የቆረጠው ከባዶ የዘይት ጣሳ ነበር፤ ቢጫ ቀለሙና የዘንባባው ሥዕል ግማሹ ቀርቶበታል። እኔ መርፌ ሊወጓት መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ደጋ ልትወጣ ስትል ግን ቀድመህ አምጣት» አለው ሲጨርስ። «እንከፍትልሃለን። አለዚያ ጠዋት ጠዋት በብርዱ አልነሳም እያለች ታስቸግርሃለች።»

እሱ የሚያውቀው ይህን ነበር፤ ሎጊያ በሙሉ የሚያውቀው ይህን ነበር። የቆመች መኪና በብርድ እንደማትነሳ ሁሉም ሰምቷል። እየሄደች ያለች መኪና በብርድ ልትቆም እንደምትችል ግን ከእኛ ሰፈር ያየ ሰው አልነበረም።

ላዳዋ ዳነች። ሰመራ ደርሳ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሄዳለች፣ በዚያ ሐሩር አንዴም አትጠፋም። እኔ ሥራ ፈታሁ፤ ባልዲዬ እናቴ ቤት የሰሃን ማጠቢያ ሆነ። አሁን አባቴ ወደ እምዬ ይሄዳል አልን። አልሄደም። መጀመሪያ ጎማ ልቀይር አለ፤ ቀጥሎ ቀለም። «እንዲህ ተላልጣ እማ ፊት አላቆማትም» አለ። ቀለሙ ሲያልቅ የመሥሪያ ቤቶች በጀት መዝጊያ ደረሰና ሥራው በዛ። አሊ ሲደውልለት «መኪናዋን እያሠራሁ ነው» ይለዋል። መኪናዋ ደጃችን ቆማ ታብለጨልጫለች።

ውሸቱን ስሰማ እምዬን የሚፈራት መሰለኝ፤ ትገርፈዋለች ብዬ። አሁን ሳስበው ብዙም አልተሳሳትኩም። ይፈራ ነበር፤ አልጋ ላይ ወድቃ ማየትን ነበር የሚፈራው። እናቴ አንድ ቀን ሰሃን እያጠበች «ሰይድ፣ እሷኮ መኪና አልጠየቀችህም» አለችው። ጨርቅ ይዞ መኪናዋን ሊወለውል ወጣ።

የመጨረሻ ጊዜ በስልክ ስንገናኝ እምዬ አልጮኸችም። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ሆኖ ነበር።

«መኪናው አልተሠራም አሉ?» አለችኝ።

«ተሠርቷል እኮ!» አልኳት፤ ደስ እንዲላት ብዬ።

አባቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደና ወደ ውጭ ይዞት ወጣ።

ሐምሌ ማለቂያ ላይ፣ የንጋቱ ሶላት፣ ሱብሂ፣ ተሰግዶ ሰው ገና ሳይበተን፣ ስልኩ ጮኸ። አባቴ «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ሲል እናቴ ገና ወር ያልሞላውን ታናሽ ወንድሜን እንደታቀፈች ቁጭ አለች። በእኛ ዘንድ ጀናዛ አያድርም፤ ሟች በዚያው ቀን ይቀበራል። አሊ «ዐስር ተሰግዶ እንቀብራታለን፤ ቶሎ ና» ብሎታል፤ ዐስር ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የሚሰገደው ነው። የደሴው አውቶቡስ ወጥቷል። አባቴ የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ መቃብር ውስጥ ወርዶ እናቱን በእጁ ተቀብሎ የሚያስተኛት እሱ ነው። ለዚህ ነገር ሌላ ሰው መላክ እንደማይቻል ያን ጠዋት እኔም አውቄ ነበር፤ እናቴ ልብሱን እያቀበለች ደጋግማ ነግራኝ ነበርና።

በጋሽ ተክሌ በር በኩል አለፍን። ጥርሱን እየፋቀ ወጣ።

«እናቴ አረፈች» አለው አባቴ።

«ውይ! ውይ ሰይዶ!» መፋቂያውን ጣለ። ከዚያ ኮፈኑን አየና «ልክፈታት?» አለ።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ማኒፎልዱ ሊወርድ ነው፣ ማጣበቂያው ሊደርቅ ነው… ግማሽ ቀን።»

«ግማሽ ቀን የለኝም ተክልዬ።»

ጋሽ ተክሌ ራሱን አከከ። «እንግዲህ የምታስቸግርህ እዚያ ስታድር ነው። ለመውጣቱ ችግር የለውም። ሂድ፣ እግዜር ያጽናህ።»

እኔ ባልዲዬንና ጨርቄን ይዤ ከፊት ተቀምጬ ነበር። ማንም ውረጂ አላለኝም።

እንደዚያ ቀን ሄዳ አታውቅም። ሚሌን አለፍን፣ ወደ ባቲ የሚወጣውን መንገድ ያዝን። መሬቱ ከጥቁር ድንጋይ ወደ ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦ ወደ ማሳ ሲለወጥ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ አያለሁ። ኮምቦልቻ ስንገባ ገና የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ አልደረሰም። አባቴ ያን ጊዜ ትንፋሹን ለቀቀና «እንደርሳለን» አለ። ከተነሳን የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ሐረጎ ይባላል። ሐረጎ ላይ ጉም ገጠመን። እኔ ጉም አይቼ አላውቅም፤ ጭስ መስሎኝ ምን እየተቃጠለ እንደሆነ ጠየቅሁት። ወዲያው ሞተሩ መንተፋተፍ ጀመረ፣ ሳል ሳል አለው፣ ጠፋ።

ሥራዬን አውቃለሁ። ጨርቄን ነክሬ ወረድኩ። አባቴም ከልማድ የተነሳ ተቀበለኝና ፓምፑ ላይ ጠቀለለው። ቱስስ አላለም። ትንሽ ቆይቶ ቁልፉን ሲያዞር ተነሳች፤ ጨርቁ የሠራ መሰለን። ጥቂት ኩርባ ወጥታ እንደገና ጠፋች። እንደገና ጨርቅ፣ እንደገና መጠበቅ፣ እንደገና ተነሳች። ያስነሳት ጨርቁ እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ። ስትቆም የሞተሩ የራሱ ግለት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይደርስላታል። ስትሄድ ደግሞ መልሶ ይበርዳታል። እዚያው ሞታ ብትቀር ኖሮ ይሻለን ነበር። ጥለናት ለሚያልፈው መኪና እጃችንን እንዘረጋ ነበር። እሷ ግን በተነሳች ቁጥር አሁንስ ዳነች እያልን ተሳፈርን፤ ባዶ ወንበር የነበራቸው ስንት መኪኖች በአጠገባችን አለፉ።

ከዚያ በአንዱ ማቆሚያ ላይ፣ ኮፈኑ ሲከፈት፣ ካርቡሬተሩ ሥር ነጭ ነገር አየሁ። ነካሁት። ጥፍሬ ሥር ገባና ቀዘቀዘኝ። ላስኩት።

«አባ! በረዶ!» ብዬ ጮህኩ።

ሎጊያ ላይ በረዶ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ በጋሪ የሚመጣ ነገር ነው። አንዲት ቁራጭ ለማግኘት ከጋሪው ኋላ የምንሮጥ ልጆች ነን። የእኛ መኪና ግን ራሷ በረዶ ትሠራለች!

«ይዘነው እንመለስ? እማዬ ውሃ ውስጥ ጨምራ ትሸጠዋለች!»

እንዲህ ነበር ያልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው፤ እምዬን ረስቼአት ነበር።

አባቴ በረዶውን ጎንበስ ብሎ አየው። ቀስ ብሎ እርጥቡን ጨርቅ ከፓምፑ ላይ ፈታና መንገድ ዳር ጣለው። ነገሩ ያን ጊዜ ነው የገባው። የፈላው ውሃ የሚያልፍበት መንገድ ተዘግቷል፤ ጉሙ ከነእርጥበቱ እየተሳበ ይገባል፤ ቤንዚኑ ሲተን የሚያመጣው ቅዝቃዜ ይጨመርበታል፤ የመኪናዋ ጉሮሮ በበረዶ ይዘጋል። እኛ ደግሞ ከላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ ስንደርብላት ቆይተናል።

ከመንገዱ ዳር ፕላስቲክ ወጥራ ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። አባቴ ሮጦ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

«እህቴ፣ የፈላ ውሃ ካለሽ…»

«ኧረ በአላህ፣ ምን ሆነህ ነው ወንድሜ እንዲህ?»

«እናቴ ሞታ። ዐስር ላይ ይቀብሯታል።»

ሴትየዋ ማንቆርቆሪያውን ከነውሃው ከእሳቱ ላይ አንስታ ሰጠችው። «አብሽር፣ አብሽር፣ ትደርሳለህ ኢንሻአላህ» እያለች፣ እኔ በስስ ቀሚሴ ስንቀጠቀጥ አየችኝና የትከሻዋን ሻርፕ አውልቃ ጠቀለለችብኝ። አባቴ የፈላውን ውሃ ማኒፎልዱ ላይ አፈሰሰው። በእንፋሎት ተሸፈነና ለትንሽ ጊዜ አልታየኝም። መኪናዋ ተነሳች፤ ሐረጎን ጨርሰን ደሴን አለፍን።

ከደሴ በላይ ያለው መንገድ ጠጠርና ጭቃ ነው፤ ብርዱም ይብሳል። እዚያ ውሃ የሚያፈላ ሰው ቀርቶ ቤትም አይታይም። መኪናዋ ትጠፋለች፣ እንጠብቃለን፣ ትነሳለች፣ ትጠፋለች። አባቴ ከዚያ ወዲያ ሰዓቱን ማየት ትቶ ነበር። አንዱ ቦታ ቆመን ሳለ፣ ጉሙ ውስጥ ከማይታይ መስጊድ የዐስር አዛን ተሰማ።

አባቴ ኮፈኑ ሥር አጎንብሶ፣ ማኒፎልዱን በሁለት መዳፉ አቅፎ ይዞት ነበር። የበረደውን ልጅ እጅ እንደሚያሞቁት አድርጎ።

«አባ፣ አዛን ነው እኮ» አልኩት።

«ሰምቻለሁ።»

እጁን አላነሳም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ያድርግ፣ ከመኪናዋ ጋር ያውራ፣ አላወቅሁም። እኔም እጄን ጨመርኩ። ብረቱ በቅዝቃዜው ያቃጥል ነበር። እንደዚያ ሆነን አዛኑ እስኪያልቅ ቆየን።

መንደሩ አጠገብ ስንደርስ ሰዎች ከላይ ቁልቁል ሲመጡ አየን። ብዙ ነበሩ። ጫማቸው ጭቃ ለብሷል። አካፋና ዶማ የያዙ አሉ፤ ሁለቱ ባዶ ቃሬዛ ተሸክመዋል። የማን መኪና እንደሆነች አላወቁም፤ እንግዳ መስለናቸው ወደ ዳር ወጥተው አሳለፉን። አባቴ ግን አላለፈም። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ።

አሊን አይቼው አላውቅም፤ የአባቴን ፊት ይዞ ስለመጣ ግን ለየሁት። እስከ ክርኑ ድረስ አፈር ነበር። ተቃቀፉና ብዙ አለቀሱ። ሰዉ ዙሪያቸውን ቆመ።

«ማን ወረደ?» አለ አባቴ።

«እኔ ወረድኩ።»

«ትንሽ ብትጠብቁኝ ምን ነበረበት አሊ? ከሱብሂ ጀምሮ መንገድ ላይ ነኝ እኮ።»

አሊ መሬት መሬት አየ። አንድ ሽማግሌ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ በእጁ ከለከላቸው።

«ሰዉ እንጠብቀው ብሎ ነበር ጋሼ። እኔ ነኝ እንቅበር ያልኩት።»

«ለምን?»

«እሷ ናታ! ‹ሰይድ ይመጣል ብላችሁ እንዳታቆዩኝ› ብላ አስምላኛለች።»

አባቴ የሚጮህ ወይም የሚወድቅ መስሎኝ ነበር። ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

«ልክ ናት» አለ።

እኔ ግን ተናደድኩ። በአባቴ አይደለም፣ በአሊም አይደለም። በእምዬ ነበር የተናደድኩት፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥተን፣ እጃችን በብረት ተቃጥሎ፣ እንዴት እንዲህ ትለናለች ብዬ። በመስኮቱ ብቅ ብዬ «ልክ አይደለችም! መጥተናል እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሽማግሌው አካፋቸውን ለሌላ ሰው ሰጡና የአባቴን ክንድ ያዙ፤ ከመቃብር የወረደው ሰው ሁሉ በዚያ ጭቃ ከእሱ ጋር ወደ ላይ ተመለሰ።